የእንግሊዝ የቤት ግዢ ቀረጥ ሲቀያየር ገዢው ምን ይገጥመዋል?

እንግሊዝ አገር ቤት የሚገዛ ሰው ከቤቱ ዋጋ በላይ ለመንግሥት የሚከፍለው ቀረጥ አለ። በወረቀት ላይ የመሬት ቴምብር ቀረጥ ነው፤ ሰው ግን በአጭሩ «ስታምፕ ዱቲ» ይለዋል። ከፋዩ ገዢው ነው እንጂ ሻጩ አይደለም። የሚሠራው በእንግሊዝና በሰሜን አየርላንድ ነው። ስኮትላንድ በ2015፣ ዌልስ በ2018 የየራሳቸውን ቀረጥ ተክተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)።

የቴምብር ቀረጥ እንግሊዝ የገባው በ1694 ነው። ከፈረንሳይ ጋር ለሚደረገው ጦርነት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር። ለአራት ዓመት ብቻ ተብሎ መጣ፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለ።

እስከ 2014 መጨረሻ ድረስ የቤት ቀረጡ አሰላል ግራ የሚያጋባ ነበር። ዋጋው እርከን ካለፈ ከፍተኛው መቶኛ የሚያርፈው በጠቅላላው ዋጋ ላይ ነው። ባለ 250,000 ፓውንድ ቤት 2,500 ፓውንድ ይቀረጣል። አንዲት ፓውንድ ከተጨመረች ቀረጡ 7,500 ይገባል። ታዲያ 255,000 ፓውንድ ብሎ ቤት የሚያወጣ ማን ነው? ብዙው ዋጋ 250,000 ላይ ተደርድሮ ይቆም ነበር። በዲሴምበር 2014 የገንዘብ ሚኒስትሩ ጆርጅ ኦስቦርን ይህን ቀየሩት። ከዚያ ወዲህ እንደ ደሞዝ ግብር ነው፤ እያንዳንዱ መቶኛ በራሱ እርከን ውስጥ ባለው ገንዘብ ላይ ብቻ ይታሰባል።

ከዚያ በኋላ ግን ከቀረጥ ነፃ የሆነው ጣሪያ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ሲል ከረመ። በጁላይ 2020፣ በኮሮና ወቅት፣ ከ125,000 ወደ 500,000 ፓውንድ ወጣ። በ2021 ደረጃ በደረጃ ወደ ቦታው ተመለሰ። በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ 250,000 ሆነ፤ ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 ጀምሮ እንደገና 125,000። አሁን ከ125,000 እስከ 250,000 ባለው ላይ 2 በመቶ፣ ከዚያ እስከ 925,000 ባለው ላይ 5 በመቶ ይከፈላል። ከዚያ በላይ 10 እና 12 በመቶም አለ። በዚህ ለውጥ የአንድ ባለ 300,000 ፓውንድ ቤት ቀረጥ ከ2,500 ወደ 5,000 አደገ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት የሚገዛ ሰው እፎይታ አለው። በ2025ቱ ለውጥ ግን እሱም ተነክቷል። ነፃ ጣሪያው ከ425,000 ወደ 300,000 ወርዷል። እፎይታው ጭራሽ የሚቀርበት ዋጋ ደግሞ ከ625,000 ወደ 500,000 ወረደ። ይቺ ሁለተኛዋ ቁጥር ናት መጥፎዋ። ልክ 500,000 ቢገዛ 10,000 ፓውንድ ይከፍላል። አንድ ፓውንድ ካለፈ 15,000 ነው። የድሮው ገደል በኋላ በር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ሁለት ሰው አብሮ ሲገዛም ከሁለቱ አንዱ ከዚህ በፊት ቤት ኖሮት ከነበረ እፎይታው የለም። ሌላ አገር ያለ ቤትም ይቆጠራል፤ በውርስ የመጣም ቢሆን።

ብዙ ሰው ቀረጡን ከቤቱ ዋጋ አንፃር አይቶ «1 ወይም 2 በመቶ ናት» ብሎ ያልፈዋል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። ቀረጡ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ በእጅ ካለው ገንዘብ ነው፤ ያ ገንዘብ ደግሞ ለቅድመ ክፍያ የተቆጠበው ነው። ለባለ 425,000 ፓውንድ ቤት 10 በመቶ፣ ማለትም 42,500 ያጠራቀመ አዲስ ገዢ እናስብ። ከ2025ቱ ለውጥ በፊት ቀረጡ ዜሮ ነበር። አሁን 6,250 ፓውንድ ሲከፍል ቅድመ ክፍያው ወደ 8.5 በመቶ ይወርዳል። ባንኮች ወለድ የሚያወጡት በእርከን ስለሆነ ከ10 በመቶ በታች የወረደ ሰው ብዙውን ጊዜ ውድ ብድር ይደርሰዋል። ቀረጡን አንዴ ከፍሎ አልተገላገለም፤ ጭማሪውን በየወሩ ይከፍለዋል።

ሁለተኛው ጣጣ ቀኑ ነው። የሚቆጠረው ውል የተፈረመበት ሳይሆን ግዢው ያለቀበት፣ በተለምዶ ቁልፍ የሚሰጥበት ቀን ነው። እዚያ አገር ደግሞ አንዱ ቤቱን ሸጦ ነው የሌላውን የሚገዛው፤ ያም እንዲሁ። «ቼይን» የሚሉት ይህንን ነው። አንድ ሰው ከዘገየ ሁሉም ይዘገያል። በጁን 2021 እና በማርች 2025 ሽያጩ ጣራ ነክቶ በማግስቱ ወር የወደቀው ሰው ሁሉ ቀኑን ለመቅደም ስለተጣደፈ ነው። ጠበቃው፣ ባንኩ፣ የዕቃ ጫኚው ሁሉ ይጨናነቃል። ቀኑ ያመለጠው ገዢ ወይ ጭማሪውን ይከፍላል፣ ወይ ሻጩን ዋጋ ቀንስልኝ ብሎ ይለማመጣል።

ቀረጥ ሲቀነስ ደግሞ ጥቅሙ ሁሉ ለገዢው አይደርስም። ሻጩም ዜናውን ሰምቷል፤ ገዢው እጅ ላይ የተረፈውን ያውቃል። በ2020 እና 2021 የቤት ዋጋ ሽቅብ ወጥቷል። እርግጥ ዝቅተኛ ወለድና ሰፋ ያለ ቤት ፍለጋም ነበሩበት፤ ቀረጡን ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ተጨማሪ ቤት የሚገዛ ሰው ከኦክቶበር 31 ቀን 2024 ጀምሮ በየእርከኑ ላይ 5 በመቶ ጭማሪ አለበት፤ ከዚያ በፊት 3 በመቶ ነበር። አሮጌ ቤቱ ሳይሸጥ አዲሱን የገዛም ይከፍላታል። አሮጌውን በሦስት ዓመት ውስጥ ከሸጠ ግን አመልክቶ ያስመልሳታል።