የተቀነሰ ክፍያ ዕቅድ ምንድን ነው? ዕዳ ሰብሳቢዎችስ ለምን መደወላቸውን አያቆሙም?

የተቀነሰ ክፍያ ዕቅድ የሚባለው፣ ባለዕዳው በመጀመሪያው ውል የተወሰነውን ወርኃዊ ክፍያ መክፈል ሲያቅተው፣ የግድ የሚያስፈልገው የኑሮ ወጪ ከገቢው ላይ ተቀንሶ የሚተርፈውን ገንዘብ ለአበዳሪዎቹ እንደየዕዳቸው መጠን እያከፋፈለ ለመክፈል የሚያደርገው ስምምነት ነው። ስምምነቱን ባለዕዳው ራሱ በደብዳቤ ሊያደርገው፣ ወይም የዕዳ ምክር የሚሰጥ ድርጅት በስሙ ሊደራደርለት ይችላል። በየትኛውም መንገድ ቢደረግ ግን በፍርድ ቤት ከሚጸድቅ የኪሳራ ሥርዓት የተለየ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አበዳሪውን በሕግ የሚያስረው ነገር የለም። አበዳሪው ዝቅተኛውን ክፍያ የሚቀበለው ጨርሶ ከመቅረት ይሻላል ብሎ እንጂ ቀሪውን ትቶ አይደለም። ዕቅድ ገብተው በየወሩ ሳያጓድሉ የሚከፍሉ ሰዎች ስልካቸው ሲጮህ የሚደነግጡት ይህን ልዩነት አስቀድሞ የነገራቸው ሰው ባለመኖሩ ነው።

በአበዳሪው መዝገብ ላይ የሚታየው፣ በውሉ መሠረት መከፈል የነበረበትና በእርግጥ የተከፈለው ገንዘብ ልዩነት ነው። ባለዕዳው በስምምነቱ የተወሰነውን እያንዳንዱን ክፍያ በቀኑ ቢከፍልም፣ በውሉ ሲለካ ውዝፉ በየወሩ ይጨምራል። ውዝፉ የተወሰነ ደረጃ ላይ ሲደርስ ፋይሉ ከደንበኞች አገልግሎት ወደ ዕዳ ማስመለሻ ክፍል፣ ከዚያም ወደ ውጭ ድርጅት ይተላለፋል፤ ባለዕዳው ቃሉን አፍርሷል ብሎ የወሰነ ሰው ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ የሰብሳቢው ስልክ መምጣት ብቻውን ዕቅዱ ለመፍረሱ ማስረጃ አይሆንም።

መጀመሪያ መጣራት ያለበት ደዋዩ በምን ሥልጣን እንደሚደውል ነው። አንዳንዱ ሰብሳቢ የአበዳሪው ወኪል ሲሆን፣ ዕዳው የአበዳሪው ሆኖ ይቀራል፤ እርሱ ካስመለሰው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ያገኛል። ሌላው ደግሞ ዕዳውን ገዝቶታል፤ ከእንግዲህ ባለገንዘቡ እርሱ ነው፣ የቀድሞው አበዳሪም ከጉዳዩ ወጥቷል። ወኪሉ ዕቅዱን ለመቀበል የአበዳሪውን ፈቃድ መጠየቅ ሊያስፈልገው ይችላል፤ ገዢው ግን ራሱ ይወስናል። ገዢው ዕዳውን የሚገዛው በአብዛኛው ከተጻፈው መጠን እጅግ ባነሰ ዋጋ ስለሆነ፣ በስልክ የቱንም ያህል ቢቆጣ ለመደራደር ከመጀመሪያው አበዳሪ የበለጠ ቦታ አለው። የዕዳው ባለቤት መለወጡን የሚገልጽ ጽሑፍ፣ በተለይም ከቀድሞው አበዳሪ ራሱ የመጣ ማረጋገጫ፣ እስኪደርስ ድረስ ገንዘብ ወደ አዲስ ሒሳብ ማስገባት ተገቢ አይደለም፤ የዚያን ወር ድርሻ ለይቶ ማቆየት ይበቃል። ዕዳ ያለበትን ሰው ስምና ቁጥር ይዘው የሚደውሉ አጭበርባሪዎችም አሉና።

እንዲህ ያለ ማረጋገጫ የመጠየቅን መብት በሕግ የደነገጉ አገሮች አሉ። አሜሪካ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጣችው የዕዳ አሰባሰብ ሕግ መሠረት፣ ሰብሳቢው በመጀመሪያ ግንኙነቱ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ የዕዳውን መጠንና የባለገንዘቡን ማንነት በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት፤ ባለዕዳው በ30 ቀናት ውስጥ ዕዳውን በጽሑፍ ከተቃወመ ደግሞ ማረጋገጫ እስኪልክለት ድረስ ማስከፈሉን ያቆማል። ከ2021 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ የሚሠራው ማስፈጸሚያ ደንብ ለአንድ ዕዳ በ7 ቀናት ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ መደወልን የሕግ ጥሰት እንደሆነ ይገምታል። ሕጉ ግን በዋናነት የሚመለከተው የሌላውን ዕዳ የሚሰበስቡትን እንጂ የራሱን ገንዘብ የሚጠይቀውን የመጀመሪያ አበዳሪ አይደለም።

የዕቅዱ ልብ የድርሻ ስሌቱ ስለሆነ በቁጥር እንየው። ጠቅላላ ዕዳው 12,000፣ በወር የሚተርፈው ገንዘብ 200 ነው እንበል፤ የገንዘቡ ዓይነት ለውጥ አያመጣም። ከሦስቱ አበዳሪዎች የመጀመሪያው 6,000፣ ሁለተኛው 3,600፣ ሦስተኛው 2,400 ቢኖራቸው፣ ወርኃዊ ድርሻቸው በቅደም ተከተል 100፣ 60 እና 40 ይሆናል። ወለድ ከቆመ ሁሉም በ60 ወራት ይዘጋሉ። አሁን የሦስተኛው አበዳሪ ሰብሳቢ ይደውልና «40 በጣም ትንሽ ነው፣ ቢያንስ 80 ያድርጉት» ይላል። ባለዕዳው ከጭንቀቱ ለመገላገል እሺ ቢል፣ ተጨማሪው 40 የሚመጣው ወይ ከምግብና ከቤት ኪራይ፣ ወይም ከሌሎቹ ሁለት አበዳሪዎች ድርሻ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ዕቅዱ በወራት ውስጥ ይሰናከላል፤ በሁለተኛው ደግሞ ድርሻቸው የጎደለባቸው አበዳሪዎች «ለእርሱ የሰጠኸውን ለእኛ ስለምን ከለከልኸን?» ለማለት በቂ ምክንያት ያገኛሉ። በእኔ አመለካከት በስልክ የሚሰጥ እሺታ ከጠቅላላው ዕዳ በላይ ዕቅዱን ይጎዳዋል።

ከጭማሪው ይልቅ አጥብቆ ሊጠየቅ የሚገባው ወለዱና ቅጣቱ እንዲቆም ነው። በ2,400 ላይ በወር 2 በመቶ ወለድ መታሰቡ ከቀጠለ ወለዱ ብቻ 48 ይሆናል፤ 40 የሚከፍል ሰው ሳያቋርጥ እየከፈለ ዕዳው ሲያድግ ያያል። አበዳሪዎች ወለድ ለማቆም ሁልጊዜ አይገደዱም፤ ቢሆንም ይህ ስሌት በገቢና ወጪ ዝርዝር ታግዞ በደብዳቤ ሲቀርብላቸው የሚስማሙ ብዙዎች ናቸው። መጀመሪያ እምቢ ላለውም የጥቂት ወራት ያልተቋረጠ ክፍያ ደረሰኝ አያይዞ ጥያቄውን መድገም ይቻላል።

ለስልኩ ራሱ አጭር መልስ ይበቃል፦ ዕቅድ እንዳለ፣ በየወሩ ምን ያህል እንደሚከፈል፣ የተቀረው ግንኙነት በጽሑፍ እንዲሆን እንደሚፈለግ። ዕቅዱን የሚያስተዳድረው ድርጅት ከሆነ የድርጅቱን ስምና የፋይል ቁጥር መስጠት ነው። የባንክ ካርድ ቁጥር በስልክ አይሰጥም። ውይይቱ ካለቀ በኋላ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደዋዩን ስምና የተባለውን መዝግቦ መያዝ ቅሬታ ማቅረብ ሲያስፈልግ ይጠቅማል።

የሚመጡትን ደብዳቤዎች ግሣቸውን እያስተዋሉ ማንበብ ይገባል። «ተጨማሪ እርምጃ ሊወሰድ ይችላል»፣ «ፋይሉ ለጠበቃ ሊመራ ይችላል» የሚሉት፣ ቀይ ቀለም ቢቀቡም፣ የሚናገሩት ስለሚቻለው እንጂ ስለተወሰነው አይደለም። ሰብሳቢ የፍርድ ቤት የአፈጻጸም መኮንን አይደለም፤ በር ቢያንኳኳ የመግባት፣ ንብረት የመያዝ ወይም ደመወዝ የማስቆረጥ ሥልጣን ከሥራው ብቻ አያገኝም። እነዚህ የሚመጡት በአብዛኛው ከፍርድ በኋላ ነው። በአንጻሩ ከፍርድ ቤት የመጣ መጥሪያና መደበኛ የክስ ማስጠንቀቂያ ፈጽሞ ዝም ሊባሉ አይገባም። ለምሳሌ በእንግሊዝና ዌልስ ድርጅቶች በግለሰብ ላይ የዕዳ ክስ ከማቅረባቸው በፊት ለመልስ 30 ቀናት መስጠት እንዳለባቸው ከኦክቶበር 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው የቅድመ ክስ ሥርዓት ይደነግጋል። በእነዚያ ቀናት ውስጥ ዕቅዱንና የክፍያ ማስረጃውን መላክ ክሱን ሊያስቀር ይችላል፤ ባያስቀርም እንኳ ፍርድ ቤቱ ክፍያውን በአቅም ልክ እንዲከፋፍለው ለመጠየቅ መሠረት ይሆናል። ዋስ ወይም የጋራ ተበዳሪ ካለ ደግሞ አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ደግ ነው፤ አበዳሪው ከባለዕዳው ጋር ቢስማማም ፊቱን ወደ እነርሱ ሊያዞር ይችላልና።

ብዙ ሰው የማያስበው ሌላ ጉዳይ ይርጋ፣ ማለትም ዕዳን በክስ ለመጠየቅ ሕግ የሚፈቅደው የጊዜ ገደብ ነው። በበርካታ አገሮች ሕግ ከፊል ክፍያ መክፈል ወይም ዕዳውን በጽሑፍ ማመን የይርጋውን ጊዜ ያቋርጠዋል፤ በእንግሊዝና ዌልስ ለተራ የውል ዕዳ 6 ዓመት የሆነው ጊዜ ከመጨረሻው ክፍያ እንደገና ይቆጠራል። በዕቅድ ውስጥ ያለ ዕዳ እንግዲህ በይርጋ አይታገድም ማለት ነው። ለዓመታት ያልተከፈለበትና የተረሳ ዕዳ ይዞ የሚመጣ ሰብሳቢ ሲያጋጥም ግን፣ ትንሽ ነው ብሎ በዕቅዱ ውስጥ ከመጨመር በፊት የመጨረሻው ክፍያ መቼ እንደነበረ መመርመር ያስፈልጋል።

ከጊዜ በኋላ ሰብሳቢው «ግማሹን አሁን ከከፈሉ ቀሪውን እንተወዋለን» ብሎ ሊጽፍ ይችላል። ገንዘቡ ከሌሎቹ አበዳሪዎች ድርሻ ካልተወሰደ፣ ለምሳሌ ዘመድ ከረዳ፣ ቅናሹ መልካም ሊሆን ይችላል። ከመክፈል በፊት ግን ክፍያው ዕዳውን ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጋ፣ ቀሪው ተመልሶ እንደማይጠየቅና ለሌላ እንደማይሸጥ የሚገልጽ ደብዳቤ መቀበል ግዴታ ነው፤ «ሒሳቡን በከፊል እናስተካክላለን» የሚለው ቃል ቀሪውን አይዘጋም። ደብዳቤውንና ደረሰኙን አንድ ላይ ለዓመታት ማስቀመጥ ይገባል፤ ተከፍሎ ያለቀ ዕዳ ፋይሉ በስሕተት ከሌሎች ጋር ተሸጦ በሌላ ሰብሳቢ እጅ ሊመለስ ይችላል፣ ያን ጊዜ ጥያቄውን የሚያቆመው ያ ደብዳቤ ነው።