ፍሎትን ወደ ስትሪንግ መቀየር ምንድን ነው?

ባሕር ዳር ጣና ዳር ዓሣ ለሚሸጥ ሰው ደረሰኝ የምታወጣ ትንሽ ፕሮግራም ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጻፍን እንበል። ደንበኛው 1.1 ኪሎ አምባዛ እና 2.2 ኪሎ ቆሮሶ ገዛ። ደረሰኙ ላይ ድምሩ 3.3000000000000003 ኪሎ ብሎ ወጣ። ደንበኛው “ይቺ መጨረሻ ላይ ያለችው 3 ደግሞ ከየት መጣች?” ቢል አይፈረድበትም።

ነገሩ ወዲህ ነው። ፍሎት የምንለው ነጥብ ያለው ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚቀመጠው በባይነሪ ማለትም በ0 እና በ1 ብቻ ነው፤ ፓይተን ላይ 64 ቢት (64 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ይይዛል። 1.1 በባይነሪ ሲጻፍ ማለቂያ የለውም፤ አንድ ሦስተኛን በአሥር ቤት ስንጽፍ 0.333 እያለ እንደሚቀጥለው ማለት ነው። ስለዚህ የሚቀመጠው ለ1.1 በጣም የቀረበው ቁጥር ነው። እሱ ሙሉውን ቢጻፍ ይሄን ይመስላል፦

1.100000000000000088817841970012523233890533447265625

ይሄን ሁሉ ደረሰኝ ላይ ማን ያነባል? ወደ ስትሪንግ (ወደሚነበብ ጽሑፍ) መቀየር ማለት እንግዲህ ስንት አሃዝ እንደሚጻፍ መወሰን ነው። ዛሬ ፓይተንም ጃቫስክሪፕትም የሚከተሉት ደንብ ቀላል ነው፤ መልሰን ስናነበው ያንኑ ቁጥር የሚሰጠንን አጭሩን ጽሑፍ ምረጥ። “1.1” ተመልሶ ሲነበብ ያንኑ ስለሚሰጥ በቂ ነው። ድምሩ ግን ለ3.3 ከሚቀርበው ፍሎት በአንድ እርምጃ አልፏል። “3.3” ብሎ ቢጽፈው ሲመለስ ሌላ ቁጥር ይሆናል። ስለዚህ ያቺ 3 የግድ ናት። እኔ እንደሚመስለኝ እዚህ ላይ ፓይተን መመስገን እንጂ መሰደብ የለበትም፤ ያለውን ነው የተናገረው።

ሁሌም እንዲህ አልነበረም። ፓይተን 2.6 በሚባለው የቆየ እትም ላይ 1.1 ብለው ሲጽፉ 1.1000000000000001 ብሎ ይመልስ ነበር። አጭሩን መምረጥ የጀመረው በ2009 (እ.ኤ.አ.) በወጣው 3.1 ነው። አጭሩን በፍጥነት ማግኘት ራሱ ከባድ ሥራ ነው፤ ግሪሱ እና ርዩ የሚባሉት የስሌት ዘዴዎች በ2010 እና በ2018 (እ.ኤ.አ.) በየተራ የቀረቡት ለዚሁ ነው።

ለደንበኛው የሚታየውን ከነጥቡ በኋላ ወደ ሁለት አሃዝ ማጠጋጋት ይቻላል። 3.30 ይወጣል፣ ሰላም ነው። ግን 2.675ን እንዲሁ ብታደርጉት 2.68 ሳይሆን 2.67 ይላችኋል፤ ውስጥ የተቀመጠው ከ2.675 በጥቂቱ ስለሚያንስ ነው። ብርና ሚዛን ላይ ከዚህ ጣጣ መገላገል ከፈለጋችሁ ብሩን በሳንቲም፣ ዓሣውን በግራም በሙሉ ቁጥር ያዙት። 1100 እና 2200 ሲደመሩ 3300 ነው፤ ነጥቧን ደረሰኙ ሲታተም ጣል ማድረግ ነው።