ሮማንዲ፦ የፈረንሳይኛ ተናጋሪው ስዊዘርላንድ ከተሞችና የተፈጥሮ መስህቦች

ሮማንዲ በስዊዘርላንድ ምዕራብ ፈረንሳይኛ የሚነገርበት ምድር መጠሪያ ነው። ራሱን የቻለ አስተዳደር አይደለም። ጄኔቫ፣ ቮ፣ ኔሻቴልና ዡራ የተባሉት ካንቶኖች (ክልሎች) ሙሉ በሙሉ ይገቡበታል፤ ፍሪቡርና ቫሌ ግን ከፊላቸው ጀርመንኛ ተናጋሪ ነው፤ ከበርን ካንቶንም ሰሜን ምዕራባዊው ጥግ ይጨመራል። በፈረንሳይ ወሰን በኩል የዡራ ተራሮች፣ በደቡብ ምሥራቅ አልፕስ ይዘልቃሉ፤ በመካከላቸው ሐይቆች፣ የወይን ተዳፋቶችና የላም መስኮች አሉ።

ቦታው ሰፊ አይደለም። ከጄኔቫ ሎዛን በባቡር 40 ደቂቃ ገደማ፣ ከሎዛን ሲዮን ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ በየቀኑ ሆቴል መቀየር ጊዜና ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ ማደሪያ ይዞ ጠዋት ወጥቶ ማታ መመለስ ይቻላል፤ ለዚህ ደግሞ ጥግ ላይ ካለችውና ውድ ከሆነችው ጄኔቫ ይልቅ ሎዛን ወይም ቬቬ ይሻላሉ። ዋናው ጥያቄ የት ማደር ሳይሆን በዕለቱ ምን ያህል ከፍታ ላይ መውጣት የሚለው ነው።

የጉሙ ጣሪያ

ከኅዳር እስከ የካቲት ቀዝቃዛ አየር በሐይቆቹና በዝቅተኛው መሬት ላይ ይተኛል፤ ከላዩም ጉም ይዘረጋል። የጉሙ ጣሪያ ብዙውን ጊዜ ከ800 እስከ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሚሆን፣ ሎዛን ለቀናት ፀሐይ ሳታይ ስትቀር ከሞንትሩ በላይ 2,042 ሜትር ላይ ያለው ሮሼ ደ ኔ በጠራ ሰማይ ሥር ይውላል። ወደዚያ የሚያወጣው ባለጥርስ ሐዲድ ባቡር አንድ ሰዓት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ያደርሳል። ቢዝ የሚባለው የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ሲነሣ ግን ጣሪያው ከ1,500 ሜትር በላይ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ የዡራ ተራሮችም ጭምር ይሸፈናሉ። የሚያዋጣው በተራሮች ታጥሮ ደረቅ አየር ወዳለው ወደ ቫሌ መሄድ ነው። ብዙ ሰው ትኬቱን ከሳምንት በፊት ቆርጦ ወጥቶ ነጭ ግድግዳ አይቶ የሚመለሰው ይህን ባለማጣራቱ ነው። የተራራ ባቡሮችና የኬብል መኪና ድርጅቶች ጫፉ ላይ የተከሉትን ካሜራ ምስል በድረ ገጻቸው ያሳያሉ፤ ጠዋት እሱን ማየት ከማንኛውም የአየር ትንበያ ይበልጣል።

ሐይቁና ዳርቻው

ለማን ሐይቅ፣ በእኛ ዘንድ የጄኔቫ ሐይቅ የሚባለው፣ 580 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋትና 310 ሜትር ጥልቀት አለው፤ ከባሕር ወለል በላይ 372 ሜትር ላይ ይገኛል። የሮን ወንዝ በምሥራቅ ገብቶ በጄኔቫ ይወጣል። ደቡባዊው ዳርቻ በአብዛኛው የፈረንሳይ ነው።

ጄኔቫ ለአንድ ቀን ይበቃታል። 140 ሜትር ወደ ሰማይ የሚወረወረው ዤ ዶ የተባለው የውኃ ፏፏቴ በሴኮንድ 500 ሊትር ይተፋል፤ ነፋስ ሲበረታ ወይም ውርጭ ሲሆን ስለሚዘጋ ደርሶ ማጣት ያለ ነው። ኢትዮጵያዊ ጎብኚ ከተማዋን የሚያውቃት በሌላ ምክንያት ነው፤ ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ፊት የጣሊያንን ወረራ የከሰሱት እዚህ ነው። በከተማዋ ሆቴል ያደረ ሰው የአውቶቡስ፣ የትራምና የትንንሾቹ ቢጫ ጀልባዎች ነፃ ካርድ ይሰጠዋል። በኔሻቴልና በሞንትሩ አካባቢም ተመሳሳይ የእንግዳ ካርድ አለ። ሆቴሉ ካልሰጠ መጠየቅ ነው።

ሎዛን በዳገት ላይ የተሠራች ከተማ ስለሆነች ሜትሮዋም ዳገት ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1275 የተባረከው ካቴድራሏ ማማ ላይ ዛሬም የሌሊት ጠባቂ አለ፤ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት በየሰዓቱ ወደ አራቱም አቅጣጫ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሰዓቱን ይናገራል። ልማዱ እ.ኤ.አ. ከ1405 ጀምሮ የዘለቀ ነው (ከዚህ በኋላም ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በታችኛው ኡሺ ወደብ የኦሊምፒክ ሙዚየም ይገኛል።

ከሎዛን በስተምሥራቅ እስከ ሺዮን ቤተ መንግሥት ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚዘረጋው ላቮ የተባለው የወይን ተዳፋት ነው፤ ሮማንዲ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ የማየት ዕድል ላለው ሰው የሚመረጠውም ይኸው ነው። ከ11ኛውና ከ12ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ መነኮሳት ቁልቁለቱን በድንጋይ ግንብ እየደገፉ የወይን እርከን አደረጉት። ዛሬ 10,000 ያህል እርከኖችና ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ግንብ አለ። የአገሬው ሰው ወይኑ ሦስት ፀሐይ አለው ይላል፤ አንዷ ከሰማይ፣ ሁለተኛዋ ከሐይቁ ገጽ ተንጸባርቃ፣ ሦስተኛዋ ግንቡ ቀን የጠጣውን ሙቀት ማታ ሲመልስ። ዋናው ዝርያ ሻስላ የተባለ ነጭ ወይን ነው። ቁልቁለቱ ትራክተር ስለማያስገባ ለቀማው በእጅ ነው፤ የተለቀመው በአንድ ሐዲድ ላይ በምትሄድ ትንሽ ጋሪ ይጫናል። ስፍራው በቤቶች ግንባታ ሊዋጥ ሲል የካንቶኑ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1977 በድምፁ በሕግ አስጠበቀው፤ በ2007 ዩኔስኮ መዘገበው።

ጥሩው የእግር ጉዞ ከሴን ሳፎራን ተነሥቶ በሪቫና በኤፔስ አድርጎ ሉትሪ የሚደርሰው 11 ኪሎ ሜትር ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፤ ደከመኝ ያለ በየመንደሩ ባቡር ያገኛል። አብዛኛው መንገድ አስፋልት ወይም ኮንክሪት ስለሆነ የተራራ ጫማ አያስፈልግም። ችግሩ ጥላ አለመኖሩ ነው፤ በሐምሌ ቀትር ግንቡ እንደ ምጣድ ይግላል። በጠዋት መጀመር ወይም መስከረምንና ጥቅምትን መጠበቅ ይሻላል። በእርከኑ ውስጥ መግባትና ዘለላ መቅጠፍ ነውር ብቻ ሳይሆን ክልክል ነው፤ እያንዳንዱ ረድፍ ባለቤት አለው። በእግር የማይሄድ ሰው ከፍሪቡር ወደ ሎዛን በሚወስደው ባቡር ግራ በኩል ይቀመጥ፤ ከዋሻው እንደወጡ ሐይቁ፣ እርከኑና አልፕስ በአንድ ጊዜ ይገለጣሉ። ከጄኔቫ ወደ ሞንትሩ ከሆነ ግን ቀኝ በኩል ነው።

ቬቬ የኔስሌ ዋና መሥሪያ ቤት ያለባት ናት፤ ቻርሊ ቻፕሊን ከ1953 እስኪሞት የኖረበት ቤት ከከተማዋ በላይ ኮርሲዬ ላይ ሙዚየም ሆኗል። ሞንትሩ በሐምሌ የጃዝ ፌስቲቫሏ ትጨናነቃለች፤ የመኝታ ዋጋም ይሰቀላል። ከእሷ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሺዮን ከዳርቻው ጥቂት ገባ ባለ ዓለት ላይ የተሠራ የሳቮይ መሳፍንት ምሽግ ነው። የሳቮይ ተቃዋሚ የነበረው የጄኔቫው ፍራንሷ ቦኒቫር እስከ 1536 ድረስ የታሰረበት የምድር ቤት እስካሁን ይታያል። ከሞንትሩ በሐይቁ ዳር በእግር 45 ደቂቃ ነው፤ በአውቶቡስ ከመሄድ ይህ ይመረጣል።

በሐይቁ መዋኘት በሐምሌና በነሐሴ ደስ ይላል። ውኃው ሲሞቅ ግን ከቀንድ አውጣና ከዳክዬ የሚመጡ ጥቃቅን ጥገኞች ቆዳ ያሳክካሉ። አደገኛ አይደለም፤ እንደወጡ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ በፎጣ ጠንከር አድርጎ ማሸት ይበቃል።

ግሪዬርና ፍሪቡር

ግሪዬር በ810 ሜትር ከፍታ ኮረብታ ላይ ያለች፣ መኪና የማይገባባት፣ አንዲት የድንጋይ ጎዳናና የ13ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መንግሥት ያላት ትንሽ ከተማ ናት። የባቡር ጣቢያው ከታች ስለሆነ 20 ደቂቃ ያህል ዳገት አለ። ከጣቢያው ፊት ለፊት የአይብ ማምረቻው አለ፤ ሥራው ሲካሄድ ለማየት ጠዋት መድረስ ያስፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ የመጣ የሚያየው ታጥቦ የደረቀ የመዳብ ጋን ነው። ያልተፈላ ወተት ይረጋል፣ እንደ ስንዴ ፍሬ እስኪደቅ ይቆራረጣል፣ እስከ 57 ዲግሪ ይሞቃል፣ ከዚያ ተጨምቆ በጨው ውኃ ውስጥ አንድ ቀን ያድራል። ለ35 ኪሎ ግራም ክብ አይብ 400 ሊትር ያህል ወተት ይገባል፤ ከ5 ወር በፊት አይሸጥም። አጠገቧ ብሮ ውስጥ የካዬ ቸኮሌት ፋብሪካ አለ፤ ድርጅቱ በ1819 የተመሠረተ ነው። በአውሮፓ በጋ (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ረጅም ሰልፍ ስለሚኖር ሰዓት አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ነው። ከዚያ በዦኝ ወንዝ ገደል ውስጥ ወደ ሻርሜ የሚወስደው የሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ ግን ሰው የማይበዛበትና ከፋብሪካው የሚበልጥ ነው።

ፍሪቡር ከተማ ውስጥ ከ1899 ጀምሮ የሚሠራ አሳንሰር መሳይ የሐዲድ ጋሪ አለ። ሞተር የለውም፤ ላይኛው ጋሪ የከተማውን ፍሳሽ ውኃ ተሞልቶ ሲወርድ ታችኛውን ይጎትተዋል። ሽታው እውነት ነው፤ ጉዞው ግን አጭር ነው።

ዡራ

ክሩ ዱ ቫን ከኔሻቴል በላይ የሚገኝ የኖራ ድንጋይ ገደል ነው፤ በረዶና ውኃ እንደ ፈረስ ኮቴ አድርገው የቀረጹት፣ 160 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚወርድ። ከኔሻቴል በባቡር 20 ደቂቃ ያህል ተጉዞ ኑዋሬግ ይወረዳል፤ ከዚያ 14 ጠመዝማዛ ያለውን የጫካ መንገድ ተከትሎ ወደ 700 ሜትር ይወጣል። ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 5 ሰዓት የሚፈጅ ነው። በጫፉ ላይ አጥር የለም። ጉም ሲገባ ገደሉና ሣሩ ስለማይለዩ፣ እስከ ግንቦት ሊቆይ የሚችለው በረዶም ከገደሉ ጠርዝ አልፎ በአየር ላይ ስለሚንጠለጠል፣ ከጠርዙ ጥቂት ሜትሮች ርቆ መሄድ የግድ ነው። ስፍራው ጥብቅ ስለሆነ ድሮን ማስነሣት፣ እሳት ማንደድና ድንኳን መትከል ክልክል ነው። ጠዋት በማለዳ የደረሰ የዋልያ የሥጋ ዘመድ የሆነውን የአልፕስ ኢቤክስ በጠርዙ ላይ ሲግጥ ያገኘዋል፤ ሰው ስለለመደ አይሸሽም፤ መመገብ ግን አይፈቀድም። ጉልበት የተረፈው ሰው በሌላ ቀን ከኑዋሬግ ወደ ቡድሪ በአሬዝ ወንዝ ሸለቆ ይውረድ፤ መንገዱ በድንጋይ መናድ ምክንያት አንዳንዴ ስለሚዘጋ በተለይ በብርዱ ወራት አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ላ ሾ ደ ፎን በ1,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች የሰዓት ሠሪዎች ከተማ ናት። በ1794 ከተቃጠለች በኋላ ጎዳናዎቿ ትይዩ ሆነው የተዘረጉት ለእያንዳንዱ የሥራ ጠረጴዛ ብርሃን እንዲደርስ ነው። ከለ ሎክል ጋር በ2009 በዩኔስኮ ተመዝግባለች። ውብ አትባልም፤ የሰዓት ሙዚየሟ ግን ግማሽ ቀን ያስቆያል። ከዚያ አልፎ ያለው ሶ ዱ ዱ ፏፏቴ 27 ሜትር ይወርዳል፤ በደረቅ በጋ ውኃው ስለሚያንስ በጸደይ ማየት ነው። በዡራ ካንቶን ሴንቱርሳን፣ በዱ ወንዝ ዳር የቆመች የመካከለኛው ዘመን ከተማ፣ ከሮማንዲ ትንንሽ ከተሞች ሁሉ ጸጥተኛዋና ምናልባትም ቆንጆዋ ናት።

ቫሌ

ሮን ወንዝን ወደ ላይ ሲከተሉ መጀመሪያ ሴን ሞሪስ ይደረሳል። ገዳሙ በ515 ተመሥርቶ ያለማቋረጥ የዘለቀ ነው፤ መታሰቢያነቱ ከላይኛው ግብፅ መጥተው እዚያ እንደተሠዉ ለሚነገርላቸው ለቅዱስ ሞሪስና ለቴባን ጭፍሮች ነው። ሲዮን በሁለት ኮረብቶች ሥር ያለች ናት፤ በአንደኛው ያለው የቫሌር ቤተ ክርስቲያን የ15ኛው ክፍለ ዘመን ኦርጋን ዛሬም ይጫወታል። ከከተማዋ 6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ሴን ሌዮናር 300 ሜትር የሚረዝም የምድር ውስጥ ሐይቅ ነው፤ በጀልባ 30 ደቂቃ ይዞራል። በብርዱ ወራት ይዘጋል።

ግራንድ ዲክሳንስ ግድብ 285 ሜትር ከፍታ አለው፤ የተከዜ ግድብ 188፣ የሕዳሴው 145 ሜትር መሆኑን ለሚያውቅ ሰው መጠኑ ይገባዋል። አውቶቡሱ ከሲዮን የሚሄደው በበጋ ብቻ ነው፤ ከግርጌው እስከ ጫፉ በኬብል መኪና ወይም በ45 ደቂቃ ዳገት ይወጣል። ደርቦራንስ የተባለው ሐይቅም እንዲሁ በበጋ ብቻ የሚደረስበት ነው። ሐይቁ የተፈጠረው በ1714 እና በ1749 ተራራ በመናዱ ሲሆን ዙሪያውን ከዚያ ወዲህ መጥረቢያ ያልነካው ደን አለ።

ለመንገደኛው

የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሼንገን ቪዛ ያስፈልገዋል፤ ማመልከቻው ከጉዞው 6 ወር አስቀድሞ ጀምሮ ይቀርባል። 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ የሕክምና መድን ግዴታ ነው። በትራንስፖርት በኩል፣ በየቀኑ ረጅም የሚጓዝ የስዊስ ትራቭል ፓስ ይግዛ፤ ባቡርን፣ አውቶቡስን፣ ጀልባንና ሙዚየሞችን ያካትታል፤ በብዙ የተራራ ባቡሮች ላይ ግን ቅናሽ ብቻ ነው። ጥቂት ቀን ለሚጓዝ አስቀድሞ ሲገዛ የሚረክሰው የቀን ትኬት ያዋጣል።

ቢጫ የእግር መንገድ ምልክት ቀላል መንገድ፣ ነጭ-ቀይ-ነጭ ጠንካራ ጫማ የሚሻ የተራራ መንገድ፣ ነጭ-ሰማያዊ-ነጭ ደግሞ ልምድ ላለው ብቻ ነው። የተጻፈው ሰዓት ዕረፍትን አይጨምርም። ወደ ተራራ የሚወጣ አውቶቡስ የመጨረሻ መልሱ ገና በጊዜ ስለሆነ ከመውጣት በፊት የመመለሻውን ሰዓት ማየት ነው።

የምግብ ቤት ምሳ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ነው፤ ከዚያ በኋላ ማዕድ ቤቱ ይዘጋል። ጾመኛ ይቸገራል፤ ፎንዲ የተባለው ምግብ የቀለጠ አይብ ነው፣ ድንቹ በቅቤ ይጠበሳል፣ የሐይቅ ዓሣ የሚባለው ፔርሽም በቅቤ ከመሠራቱ ሌላ አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው። ከሱፐርማርኬት ዳቦ፣ ፍራፍሬና ለውዝ ይዞ መውጣት ይሻላል፤ እሑድ ግን ከትልልቅ ባቡር ጣቢያዎች በቀር ሱቅ ሁሉ ዝግ ስለሆነ ስንቅ ቅዳሜ ይገዛል። ውኃ መግዛት አያስፈልግም፤ አይጠጣም የሚል ጽሑፍ ካልተለጠፈበት የየመንደሩ ምንጭ ንጹሕ ነው።