በእርድ ሥጋ ላይ የሚታይ ጥቁር ቀለም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በወሎ በዓል በመጣ ቁጥር በየግቢው በግ ይታረዳል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ጥቁር ነገር ከታየ ክርክር ይነሳል። አንዱ «ታሞ ነበር» ይላል፣ ሌላው «ጭስ ነው»፣ ሦስተኛው «ገዱ አያምርም»። በዚህ መሀል ጤነኛ ሥጋ ለውሻ ይጣላል። ከዚህ የሚከፋው ግን መጣል የነበረበት ወደ ድስት ሲገባ ነው።

«ጥቁር ሳንባ ያለው በግ የታመመ ነው»

በበግና በጥጃ ሳንባ ላይ የሚታየው ጥቁር ጥፍጥፍ አብዛኛውን ጊዜ ሜላኒን ነው፤ ቆዳንና ጸጉርን የሚያጠቁረው ያው ቀለም። ሜላኒን የሚሠሩት ሕዋሳት ፅንሱ ሲያድግ ከጀርባው መስመር ተነስተው ወደ ቆዳ ይጓዛሉ። አንዳንዶቹ ከመንገዳቸው ወጥተው ሳንባ፣ ጉበት፣ ትልቁ የደም ቧንቧ ወይም የአንጎል ሽፋን ላይ ይቀራሉ።

ሳንባውን ብርሃን ላይ አድርጋችሁ እዩት። ጥቁሩ ክፍል ጠርዙ የተለየ ነው፤ ከጎኑ ካለው ሥጋ ከፍም ዝቅም አይልም። ሲጫኑት እንደ ቀሪው ሳንባ ይለሰልሳል፤ ሲቆረጥ መግልም እብጠትም የለውም። እንዲህ ያለው አይጎዳም፤ የሥጋ መርማሪ ክፍሉን ቢያስወግደው እንኳ ለመልኩ ብሎ ነው። የበግ ላንቃና ምላስ ጠቁሮ ሲገኝ ማንም አይደነግጥም፤ ቀለሙ ግን አንድ ነው።

«ሳንባ ላይ ያለ ጥቁር ሁሉ የጭስ ጥላሸት ነው»

ይህ ከሜዳ የመጣ ግምት አይደለም። በደላንታና በመቄት ደጋ ብርዱ ስለሚከብድ ከብትና በግ እሳት ከሚነድበት ቤት ሊያድር ይችላል፤ ጥላሸቱም ሳንባ ይገባል። ነገር ግን የጥላሸቱ ካርቦን ደቃቅ ነጥብ ሆኖ ይበተናል፤ ሳንባው ሥር ያሉትንም ንፍፊቶች ያጠቁራል። ቁርጡ የሚለየው በላቦራቶሪ ነው፦ ፖታሲየም ፐርማንጋኔት የተባለ ኬሚካል ሜላኒንን ያነጣዋል፣ ካርቦንን ግን አይነካውም።

«ልምድ ያለው ሰው በዓይኑ ይለየዋል»

እኔ አጥብቄ የምቃወመው ይህን ነው። በማይክሮስኮፕ እንኳ ቡናማ ቅንጣት ሁሉ ይመሳሰላል።

የቦርከናን ረግረግ የሚግጥ በግ የጉበት ትል ይይዘዋል። ትሉ ጉበቱን እየሰረሰረ ሲያልፍ ያደማዋል፤ ከፈሰሰው ደም የቀረው ብረት ሄሞሲደሪን የተባለ ቡናማ ቀለም ሆኖ ይቀመጣል። ለዓመታት ያረሰ በሬ ልብ ደግሞ ሊፖፉስሲን ያጠራቅማል፤ ይህ የእርጅና ዝቃጭ ነው፣ በሽታ አይደለም። ሁለቱም ቡናማ ናቸው። የሚለያቸው የፐርልስ ማቅለሚያ ነው፤ ከ1867 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የታወቀ ሲሆን የሄሞሲደሪንን ብረት ሰማያዊ ያደርገዋል፤ ሊፖፉስሲን ግን አይለወጥም።

ሜላኒንን የሚያጠቁረው የፎንታና የብር ማቅለሚያ ደግሞ ወጥመድ አለው፤ ሊፖፉስሲንንም ሊያጠቁር ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ሥጋ ሁለት ስላይድ (ለማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ የተደረገ ስስ ቁራጭ) ተዘጋጅቶ አንዱ አስቀድሞ በፐርማንጋኔት ይነጣል። ጥቁሩ ከነጣው ስላይድ ላይ ከጠፋ ሜላኒን ነው ለማለት ያስደፍራል።

«ነጭ ፈረስ ጥቁር ዕጢ አይወጣበትም»

ተቃራኒው ነው። ጠቁረው ተወልደው ከዕድሜ ጋር የሚነጡ ግራጫ ፈረሶች ከ15 ዓመት በኋላ አብዛኞቹ ሜላኖማ ይወጣባቸዋል፣ በተለይ ከጅራታቸው ሥር።

«ሥጋው ካደረ በኋላ የጠቆረ ጉበትም ያው ሜላኒን ነው»

አይደለም። ባክቴሪያ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ከደም ብረት ጋር ሲገናኝ አረንጓዴ የሚያደላ ጥቁር ይፈጥራል፣ ብዙውን ጊዜ ጉበቱ አንጀት በነካበት በኩል። እንደ ባቲና ከሚሴ ባለ ቆላ ፈጥኖ ይመጣል። ይህ መበስበስ ነው፤ ይጣል።

«የጠቆረ ጣፊያም የቀለም ጉዳይ ነው»

እዚህ ላይ እለምናችኋለሁ፣ ቢላዋውን አስቀምጡ። በድንገት የሞተ ከብት፣ ከአፍንጫው ወይም ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ከወጣ፣ አባ ሰንጋ ይጠረጠራል። አይከፈት፣ ቆዳው አይገፈፍ። ሳይታወቅ ተከፍቶ ጣፊያው ያለ ልክ አብጦና ጠቁሮ ከተገኘም እዚያው ይቁም፤ በሽታው ሰውን ይገድላልና የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

«ስላይድ ላይ የታየ ቀለም ሁሉ ከእንስሳው የመጣ ነው»

ወደ ኮምቦልቻ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ናሙና የምትልኩ ባለሙያዎች ይህን ልብ በሉልኝ። ናሙና እንዳይበሰብስ የሚነከርበት ፎርማሊን አሲድ ከሆነ ከደም ጋር ተገናኝቶ ራሱ ቡናማ ጥቁር ቅንጣት ይሠራል። ቅንጣቱ የወባ ተሕዋስ ከደም የሚሠራውን ቀለም ይመስላል፤ ሁለቱም በፐርልስ ሰማያዊ አይሆኑም፣ ብረታቸው ማቅለሚያው በማይደርስበት ሁኔታ ተቆልፏልና። የፎርማሊኑ ግን ሕዋሱ ውስጥ ሳይሆን ላዩ ላይ ተበትኖ ይገኛል። በፒክሪክ አሲድ በተሞላ አልኮል ይወገዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከመጀመሪያው አሲድነቱ የተስተካከለ 10 በመቶ ፎርማሊን መጠቀም ነው፤ ሥጋው ከ5 ሚሊሜትር ሳይወፍር ይቆረጥ፣ ፈሳሹም የሥጋውን 10 እጥፍ ይሁን።