የሳንቲም ፎቶግራፍ በባሕር ዳርና በጣና ዳር

የሳንቲም ፎቶግራፍ የሚባለው አንድን የብረት ገንዘብ በጣም ቀርቦ፣ ፊደሉ እስኪነበብና ጭረቱ እስኪለይ ድረስ የማንሳት ሥራ ነው። ለዚህ የግድ ውድ ሌንስ ያስፈልጋል የሚል እምነት አለ። ከታች እንደሚታየው ግን ጥራቱን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ካሜራው ከሳንቲሙ ጋር መስተካከሉና ብርሃኑ የሚመጣበት አቅጣጫ። ሁለተኛውን ባሕር ዳር በነጻ ትሰጣለች።

ለካሜራ የሚቀርቡት ሳንቲሞች

የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የወርቅ፣ የብርና የነሐስ ሳንቲም አስቀርጸዋል።

በጎጃምና በጣና ዙሪያ ገበያ ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን ሲሠራበት የኖረው ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ ነው። ይህ የኦስትሪያ ገንዘብ መቼም ይቀረጽ መቼ የሚይዘው ዓመት 1780 ነው፤ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ያረፉበት። ክብደቱ 28.07 ግራም፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የብር ይዘቱ ከ1000 እጅ 833 ነው። ዓመቱ ስለማይለወጥ የት እንደተቀረጸ የሚናገሩት ጥቃቅን ምልክቶች ብቻ ናቸው። ኦስትሪያ በ1935 እ.ኤ.አ. መቅረጫውን ለጣሊያን ካስተላለፈች በኋላ ሮም፣ ቀጥሎም ለንደንና ቦምቤይ ቀርጸውታል። ከንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን ጌጥ ዕንቁ እየቆጠረ፣ 9 ካልሞላ ብሩን የማይቀበል ነጋዴ እንደነበር ይነገራል። እውነትም ይሁን ተረት፣ ፎቶ አንሺው ዛሬ ማድረግ ያለበት ያንኑ ነው፤ ዕንቁው ካልተቆጠረ ፎቶው አልተሳካም። በጠርዙ ዙሪያ «በፍትሕና በምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ስላለ ሳንቲሙን አቁሞ ጠርዙንም ማንሳት ያስፈልጋል። ብዙው ጠገራ ለአንገት ጌጥ ተበስቷል ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበታል፤ የቀረውንም አንጥረኛ አቅልጦ መስቀልና አምባር አድርጎታል። ቀዳዳው የዕቃው ታሪክ ስለሆነ በፎቶ ማረሚያ ሊደፈን አይገባም።

የዳግማዊ ምኒልክ ብር ፓሪስ የተቀረጸ ሲሆን መጠኑ ከጠገራው ጋር እንዲቀራረብ ተደርጓል። የፎቶ ጥራት በእውነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ዓመቱ የተጻፈው በግዕዝ ቁጥር፣ በራሳችን አቆጣጠር ስለሆነ ፲፰፻፹፯ እና ፲፰፻፹፱ የሚለያዩት በመጨረሻዋ ምልክት ብቻ ነው። ጣት ባሻሸው ብር ላይ ፯ን ከ፱ መለየት ለዓይን ይከብዳል፤ ከጎን የመጣ ብርሃን ግን ይለየዋል። የአንበሳው የፊት እግርም በአንዳንዱ ግራው፣ በአንዳንዱ ቀኙ የተነሣ ነው። የብሩ 20ኛ እጅ የነበረው ግርሽ ክብደቱ 1.4 ግራም ብቻ ስለሆነ ከሁሉም የሚያስቸግረው እሱ ነው።

የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች በብዛት ስላሉ ለመለማመጃ ይመቻሉ።

የደርጉ መገበያያ ሳንቲም ፲፱፻፷፱ የሚል ዓመት አለው፤ በኋላ የተቀረጸውም ጭምር። ስለዚህ ስሙኒውንም ሽልንጉንም የሚያጠና ሰው የአንበሳውን ጢም ያያል፤ በአንዳንዱ ቅርጽ በግራ በኩል ሁለት ጢሞች ከሌሎቹ ረዘም ይላሉ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው ባለ ሁለት ብረት 1 ብር 27 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ መሐሉና ዙሪያው ብርሃን የሚመልሱት በተለያየ መንገድ ስለሆነ አንዱ ሲስተካከል ሌላው ይነጣል።

የትኛው ፊት፣ የትኛው ጀርባ ነው በሚለው ሰብሳቢዎች ሁልጊዜ አይስማሙም። ልጆች ሲጫወቱ እንደሚሉት «ዘውድ» እና «ጎፈር» ብሎ ፋይሉን መሰየም ይሻላል፤ ማንም አይሳሳትም።

ካሜራና አቋቋም

ማክሮ ሌንስ (በጣም ቀርቦ ለማንሳት የተሠራው) የተነሳውን ነገር ሴንሰሩ ላይ፣ ማለትም ምስሉን በሚቀበለው የካሜራው ክፍል ላይ፣ በልኩ፣ 1 ለ 1 ያሳርፋል። 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ጠገራ ግን ቁመቱ 24 ሚሊ ሜትር በሆነ ሴንሰር ላይ እንዲገባ ከ0.6 እጥፍ በላይ መጉላት የለበትም። በአነስተኛው የካኖንና የኒኮን ሴንሰር ደግሞ 0.37 ገደማ ይበቃል። ይህን ያህል ማጉላት ከተራ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጀርባ ኤክስቴንሽን ቲዩብ (ሌንሱን ከካሜራው የሚያርቅ ባዶ ቱቦ) በማስገባት ይገኛል። ለግርሹ ግን ቲዩቡ መርዘም አለበት።

ቀርቦ ሲነሳ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት የሚሊ ሜትሮች ጉዳይ ስለሆነ፣ ካሜራው ትንሽ ካዘነበለ የሳንቲሙ አንድ ጎን ይደበዝዛል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሳንቲሙ በሚቀመጥበት ቦታ ትንሽ መስተዋት ማስተኛት፣ ከዚያ በመስተዋቱ ውስጥ ያለው የሌንሱ ምስል በትክክል የስክሪኑ መሐል እስኪታይ ድረስ ካሜራውን ማስተካከል። መስተዋቱ ሲነሣ ካሜራው ቀጥ ብሏል ማለት ነው።

ትራይፖድ ወደ ታች ለማንሳት አይመችም። በፊልም ዘመን ፎቶ ቤቶች ይሠሩበት የነበረው ማጉያ ማሽን፣ ቀጥ ያለ ዘንግና ከባድ ጣውላ ስላለው፣ የላይኛው የመብራት ክፍሉ ሲወልቅ ለዚህ ሥራ የተሠራ ይመስላል። ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ዘንግ ያለው ፎቶ ቤት ሊጥለው አይገባም። ባጃጅ በበዛበት መንገድ ዳር የሚሠራ ሰው ጠረጴዛውን ከግድግዳ ያርቅ፤ ንዝረቱ ፎቶውን ያበላሻል። መዝጊያውንም በጣት ከመጫን በ2 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ መልቀቅ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ ፎከስ በእጅ፣ ስክሪኑን 10 እጥፍ አጉልቶ።

የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ኤፍ 22 (ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል) ማጥበብ ጥራት ይጨምራል የሚለው ስሕተት ነው። ቀርቦ ሲነሳ ቀዳዳው ከተጻፈው ቁጥር የበለጠ እንደጠበበ ይቆጠራል፤ ኤፍ 8 በ0.6 ማጉላት ወደ 13 ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲጠብ ብርሃኑ ራሱ ይበታተንና ምስሉ ይለሰልሳል። ከኤፍ 8 አለመራቅ ይመረጣል።

ብርሃን

ካሜራ ላይ ያለ ፍላሽ ለሳንቲም አይሆንም፤ ብሩን ወይ ነጭ ወይ ጥቁር ያደርገዋል። ሁለት መብራት ሲኖር በሰዓቱ ፊት 10 እና 2 ቁጥሮች አቅጣጫ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ የተለመደ ነው (በእኛ አቆጣጠር 4 እና 8 ሰዓት መሆኑን የዘነጋ ሰው መብራቱን ከታች ያስቀምጠዋል)። ከፍ ሲል ቀለም ያሳያል፣ ዝቅ ሲል ቅርጽ ያወጣል። ታችኛው የተቆረጠ ነጭ ፕላስቲክ ኩባያ ሳንቲሙ ላይ ሲደፋ መብራቱን ያለሰልሳል።

ከሰኔ እስከ ነሐሴ ጣና ላይ የሚዘረጋው ደመና ግን ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። በመስኮት አጠገብ፣ በሌላኛው ጎን ነጭ ወረቀት አቁሞ የተነሳ ጠገራ በአምፖል ከተነሳው ይለያል፤ መብራት ቢጠፋም ሥራ አይቆምም። የመስኮት ብርሃንና አምፖል ግን አንድ ላይ አይበሩም፤ ብሩ ግማሹ ሰማያዊ ግማሹ ቢጫ ይሆናል። ክረምቱ የሚያመጣው እርጥበት ሌንስ ላይ ሻጋታ ስለሚያበቅል ሌንሱን ከተዘጋ ቦርሳ ይልቅ አየር በሚያገኝ ቦታ ማስቀመጥ ይመከራል።

በስልክ ሲነሳ ጥቂት ራቅ ብሎ አጉልቶ ማንሳት ይሻላል፤ በጣም ሲጠጉ የስልኩ ጥላ ያርፍበታል፣ ክቡም ይጣመማል።

ጥንቃቄ

ሳንቲሙን ለፎቶ ብሎ በሎሚ ወይም በአመድ ማሸት የዘመን ቀለሙን ይገፈዋል፤ የተገፈፈውም አይመለስም። በጠርዙ ይያዝ። በጣና ገዳማት ዕቃ ቤት ያለ ማንኛውም ዕቃ ያለ አባቶች ፈቃድ አይነሳም፣ በፍላሽ ደግሞ ፈጽሞ። ጥንታዊ ሳንቲም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንደ ቅርስ ይታያል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

የተነሳው ምስል በቴሌግራም ሲላክ «ፋይል» ተብሎ ይላክ። «ፎቶ» ተብሎ ከተላከ መተግበሪያው ይጨምቀዋል፤ ያን ሁሉ ተደክሞ የተለየው ፯ ሲደርስ ፱ ይመስላል።