«መጥኖ መደቆስ»፦ ከማድቤት ወደ አናጢው

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።»

ይህ ተረት የማድቤት ልጅ ለመሆኑ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። መደቆስ በርበሬንና ቅመምን ወቅጦ ማድቀቅ ነው፤ መመጠን ደግሞ ለስንት ሰው ስንት እንደሚበቃ አስቀድሞ ማወቅ። ሴትዮዋ ሳትመጥን ደቆሰች፣ ድስቱን ጣደች፣ ሽንኩርቱ ማረር ሲጀምር ድቁሱ እንዳነሳት አየች። በዚያ ሰዓት ወደ ሙቀጫ መመለስ የለም። «መደቆስ» እና «ማልቀስ» ቤት ስለሚመቱም አባባሉ አንዴ ከሰሙት አይረሳም።

ዛሬ ሳያጠና ለተፈተነ፣ ውል ሳያነብ ለፈረመ ሁሉ ይነገራል። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ትዝ የሚለኝ መጋዝ የያዘ ሰው ሳይ ነው። ወጥ እንኳ ቢበላሽ መላ አያጣም፤ ያጠረ ጣውላ ግን አይረዝምም።

አንድ ሰው ባለ 4 ሜትር ጣውላ ገዝቶ ስምንት መደርደሪያ ሊያወጣበት አሰበ እንበል። ለስምንት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 50 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል፤ በወረቀት ላይ ሒሳቡ ልክ ነው። መጋዙ ግን በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንጨት ዱቄት አድርጎ ይበላል። ሰባት ቁርጥ ማለት ከ2 ሳንቲ ሜትር በላይ ማለት ነው፤ ስምንተኛው መደርደሪያ 48 እንኳ አይሞላም፣ ከድጋፉ ላይም አያርፍም። መጋዙ የሚበላውን እንጨቱ ከመገዛቱ በፊት ማሰብ ይገባል። ሲቆረጥም ሁሉንም በአንድ ጊዜ ምልክት ከማድረግ አንዱን ለክቶ መቁረጥ፣ ቀጣዩን ከአዲሱ ጫፍ እንደገና መለካት ይሻላል። የመለኪያ ሜትሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ትነቃነቃለች ብላችሁ ግን በመዶሻ እንዳታጠብቋት! የምትነቃነቀው በራሷ ውፍረት ልክ ነው፤ ስትገፋም ስትሳብም ልኩ እንዳይዛባ ተብላ የተሠራች ናት።

የቤት መሠረትም እንዲሁ ነው። መሠረቱን ለማስመር በችካል ከተወጠሩት፣ ማዕዘኑ ላይ ከሚገናኙት ሁለት ገመዶች፣ ከማዕዘኑ ተነሥታችሁ በአንዱ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክታችሁ ምልክት አድርጉ፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ልክ 5 ሜትር ካልሆነ ማዕዘኑ ስቷል። በዚያን ቀን ችካል ነቅሎ መትከል የደቂቃዎች ሥራ ነው። ካለፈ ጉዱ የሚታየው ቆርቆሮ ሲመታ፣ በአንድ በኩል ተርፎ በሌላው ሲያጥር ነው።

የጭቃ ቤት ለሚሠራ ደግሞ የሚመጠነው ርዝመት ብቻ ሳይሆን ጊዜም ነው። ትናንት የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ ማገሩ ይላላል፣ ምርጊቱም ይረግፋል። ጭቃውም ከጭድ ጋር ተቦክቶ ቀናት መሰንበት አለበት። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ቢሰነጣጠቅ አትደንግጡ፤ እስኪደርቅ ታግሣችሁ ጠብቁት፣ ስንጥቁን የሚሞላው ሁለተኛው ምርጊት ነው።