የታክሲ ሰልፍ ላይ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች

ስለ አዲስ አበባ ትራንስፖርት ሲወራ አንዱ «ለገበያው ልቀቁት» ይላል፣ ሌላው «መንግሥት ይያዘው» ይላል። ሁለቱም ደጋግመው የሚያነሷቸው፣ ግን እንደዛ ያልሆኑ ነገሮች አሉ።

«ታክሲው ነጻ ገበያ ስለሆነ ነው የተበላሸው»

ሚኒባሱ የግል ነው እንጂ ገበያው ነጻ አይደለም። ታሪፉን የሚያወጣው የከተማው ትራንስፖርት ቢሮ ነው። መስመሩን ታፔላው ይወስናል፣ የነዳጁን ዋጋ መንግሥት ይተምናል። ሰልፍ ላይ ደግሞ ተራው የደረሰው መኪና ውስጥ ትገባላችሁ እንጂ አትመርጡም። ወንበሩ የተቀደደውና ረዳቱ የሚሳደበው መኪና፣ ከንጹሑና ከሰው አክባሪው እኩል ይሞላል፣ እኩል ያገኛል። ታዲያ ባለንብረቱ ምን አስጨንቆት ወንበር ያሰፋል?

«ታሪፍ ዝቅ ካለ ተሳፋሪው ይጠቀማል»

ማታ 1 ሰዓት ላይ ሜክሲኮ ቁሙ። ጀሞ የሚል ታፔላ የለጠፈ ሚኒባስ ይመጣል፣ ረዳቱ ግን የሚጣራው «ሳር ቤት! ሳር ቤት!» እያለ ነው። ሳር ቤት ትወርዳላችሁ፣ እንደገና ትሰለፋላችሁ፣ እንደገና ትከፍላላችሁ። ይሄ ማቆራረጥ የምንለው ነገር፣ ዝቅ ያለው ታሪፍ ወጪውን ስላልሸፈነለት ባለመኪናው በሌላ በር ያስገባው ጭማሪ ነው፤ ታሪፉ ወረቀቱ ላይ እንዳለ ሆኖ ከኪሳችን የሚወጣው ሌላ ነው፣ ከሁሉ በላይ የሚጎዳው ደግሞ ከከተማው ጠርዝ የሚኖረው፣ ራይድ መጥራት የማይችለው ሰው ነው። ታሪፍ ይነሳ እያልኩ አይደለም። ወጪን የሚሸፍን ይሁን፣ ተቆጣጣሪውም ሰው በሚበዛበት በምሽቱ ሰዓት ይኑር።

«ውድድር ከበዛ አገልግሎቱ በራሱ ይስተካከላል»

እንግሊዝ ሞክራዋለች። እ.ኤ.አ. በ1986 ከለንደን ውጭ ያለው የከተማ አውቶቡስ ለገበያው ተለቀቀ። ኩባንያዎቹ ሰው የሚበዛበት መስመር ላይ ተሻሙ፣ የማያዋጣውን ሰፈርና የማታውን ጉዞ ተዉት። ለንደን ግን መስመሩን፣ ሰዓቱንና ዋጋውን ራሷ ይዛ፣ ኩባንያዎቹ መስመር ለማግኘት በጨረታ እንዲወዳደሩ አደረገች። ማንቸስተር ከብዙ ዓመት በኋላ፣ በ2023 ጀምራ በ2025 መጀመሪያ ጨርሳ፣ ወደዚሁ አሠራር ገባች። ውድድሩ አልጠፋም፤ ከአስፋልቱ ወደ ጨረታው ተዛወረ። ለእኛም የሚያዋጣን ይሄ ይመስለኛል።

«መንግሥት የያዘው ሁሉ ይበላሻል»

ቀላል ባቡሩን አይቶ እንዲህ የሚል ሰው አይፈረድበትም። በመስከረም 2008 ሲጀምር ቲኬቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ገቢው ወጪውን አልሸፈነም፣ መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፣ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ ቆሙ።

ግን ኢትዮ ቴሌኮምም በአብዛኛው የመንግሥት ነው። የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ የቀነሰው በነሐሴ 2010 ነው፣ ሳፋሪኮም አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረው ደግሞ በመስከረም 2015። ተወዳዳሪ ሳይኖር ቀነሰ ማለት ነው፤ ሆኖም የኩባንያው ድርሻ በከፊል ለግል ባለሀብቶች እንደሚሸጥ ከወራት በፊት፣ በግንቦት፣ ተነግሮ ነበር። ዛሬ ኔትወርክ ያስመረረው ሰው ሌላ ሲም ያወጣል። ባቡር የዘገየበት ሰው ግን የት ይሄዳል? ለባቡር ተፎካካሪ ማምጣት አይቻልም፣ ስለዚህ ቁጥጥሩ የሕዝብ መሆን አለበት፦ በቀን ስንት ባቡር እንደሠራ፣ ስንቱ እንደቆመና ለምን እንደቆመ በየወሩ ጣቢያው ላይ ይለጠፍ።